ቁስል የማይታይበት የደረት ምት፦ በባሕር ዳር ያየሁት የድንገተኛ ክፍል አገልግሎት

ባጃጅ የሚነዱት አጎቴ ባለፈው ክረምት ከአዲሱ የዓባይ ድልድይ ብዙም ሳይርቁ በድንገት ከቆመ ሚኒባስ ጋር ተጋጭተው ደረታቸው ከመሪው ጋር በኃይል ተላተመ። ደም አልፈሰሳቸውም፤ እንዲያውም ወርደው ከሚኒባሱ ሾፌር ጋር ሲከራከሩ ነበር። መጀመሪያ የወሰድናቸው ክሊኒክ ራጅ አንሥቶ «አጥንት አልተሰበረም» በማለት ማስታገሻ ሰጥቶ ሸኛቸው። ማታ ግን ልባቸው እየዘለለች እንደሚሰማቸው ሲነግሩን ወደ አንድ የግል ሆስፒታል ይዘናቸው ሄድን። ይህ ግምገማ የሚመለከተው ሁለተኛውን ነው፤ አንድ ሌሊትና አንድ ቀን ባየሁት ብቻ ተቋምን በስም ማንሣት ተገቢ ስላልመሰለኝ የሁለቱንም ስም ትቼዋለሁ።

ከሁሉ አስቀድሜ የማመሰግነው ተረኛው ሐኪም በራጁ አለመርካታቸውን ነው። ራጅ የአጥንት ስብራትንና የሳንባን ጉዳት ሊያሳይ ይችላል፤ የልብ ጡንቻ መቀጥቀጡን ግን አያሳይም። የቀኙ የታችኛው የልብ ክፍል ከደረት አጥንት ጀርባ ስለሚገኝ ከፊት ለሚመጣ ምት ከሌሎቹ ክፍሎች ይልቅ የተጋለጠ ነው፤ ጉዳቱም ከቀላል መቀጥቀጥና ከምት መዛባት ጀምሮ እስከ ቫልቭ (የልብ በር) መቀደድ፣ ሲብስም የልብ ግድግዳ እስከ መተርተር ሊደርስ ይችላል። ሐኪሙ ይህን ያስረዱን በካርዱ ጀርባ ላይ በእስክሪብቶ ልብ እየሣሉ ነው። አጎቴ «አጥንትህ ደኅና ነው ተብዬ የለም ወይ?» ብለው ሲጠይቋቸው፣ «አባቴ፣ አጥንት አለመሰበሩ ልብ ላለመነካቱ ዋስትና አይሆንም» ብለው መለሱላቸው።

ወዲያው የልብን የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ የሚመዘግበውን ኢሲጂ ተነሡ፤ ትሮፖኒን ለሚባለው የደም ምርመራም ናሙና ተወሰደ። የልብ ጡንቻ ሲጎዳ ይህ ንጥረ ነገር ወደ ደም ይወጣል። ሁለቱም ጤናማ ሆነው ቢገኙ ኖሮ የሚያሰጋ የልብ ጉዳት የለም ለማለት ያስችሉ ነበር። የአጎቴ ኢሲጂ ግን ያለ ተራቸው የሚመጡ ምቶችን ስላሳየ 24 ሰዓት የልብ ምትን ያለማቋረጥ በሚከታተል ሞኒተር ሥር እንዲቆዩ ተወሰነ፤ ትሮፖኒኑም 6 ሰዓት ቆይቶ ተደገመ። ልብን በኤሌክትሪክ ንዝረት ወደ ምቷ የሚመልሰው መሣሪያ ከአልጋው ራቅ ሳይል ቆሞ ነበር። በልብ ሽፋን ውስጥ ደም ቢጠራቀም ልብ ተጨንቃ መሙላት ስለሚያቅታት፣ በአልትራሳውንድ ፈጥነው ያንን አዩ፤ አልነበረም። ልብን በአልትራሳውንድ በዝርዝር የሚያሳየውን ሙሉውን የኢኮ ምርመራ ግን አላዘዙም፤ «የደም ግፊታቸው የተረጋጋ ነው፤ የምታቸው መዛባት እስከ ነገ ከቀጠለ እናደርገዋለን» አሉን። በማግስቱ ምቱ ተስተካከለና ኢኮው ሳያስፈልግ ቀረ። ምርመራ ሁሉ ገንዘብ በሆነበት ዘመን ይህን ማየቴ ከሞኒተሩ በላይ አስደስቶኛል።

ጉድለቱም ጥቂት አይደለም። ካርድ ክፍሉ ተቀማጭ ገንዘብ ካልተከፈለ በሽተኛውን አላሳልፍም ብሎ፣ ደረታቸውን በእጃቸው የያዙ ሰው ከመስኮቱ ፊት ለረጅም ጊዜ አቁሟል። የመጀመሪያው የላቦራቶሪ ውጤት ሁለት ሰዓት ተኩል የፈጀ ሲሆን፣ የዘገየበትን ምክንያት የነገረን ሰው አልነበረም። በደረሰኙ ላይ የሁሉም አገልግሎት ዋጋ በአንድ ድምር ስለተጻፈ ምን ለምን እንደተከፈለ ለማወቅ ሦስት ጊዜ መመለስ ነበረብኝ። ከሁሉ የከፋው የመውጫ ወረቀቱ ነው፤ በእንግሊዝኛ አሕጽሮት ተሞልቶ፣ ራስን መሳት፣ የትንፋሽ ማጠር ወይም አዲስ የደረት ሕመም ቢመጣ ምን ማድረግ እንደሚገባ አንድም መስመር አልያዘም። እኔ ጠይቄ ነርሷ በቃል ነገረችኝ፤ በአማርኛ ጻፍኩትና አጎቴ ባጃጃቸው ውስጥ ለጠፉት።

ከሳምንት በኋላ ለቀጠሮ ስንመለስ ያው ሐኪም ኢሲጂውን ደግመው ከቀድሞው ጋር ጎን ለጎን አስተያዩልን፤ ለካርድ እንደገና አልተጠየቅንም፤ ወረፋው ግን አንድ ሰዓት አልፏል። ደረቱን የተመታ ሰው ቢያጋጥመኝ ወደዚሁ ሆስፒታል እወስደዋለሁ፤ የተቀማጩን ብር አስቀድሜ በኪሴ ይዤ።