ሞዴል 10 ሪቮልቨር በጅማ ክረምት፦ መዶሻው ለምን ከበደ?

ስሚዝ ኤንድ ዌሰን ሞዴል 10 በስሜ ፈቃድ ከወጣለት ወራት አልፈዋል። በጋውን ምንም እንከን አላየሁበትም። ክረምቱ ሲገባ ግን መዶሻውን በአውራ ጣት ወደ ኋላ መሳብ እየከበደ መጣ። መጀመሪያ ለውጡ የሚታወቅ አልነበረም። ነሐሴ ላይ ግን ሽጉጡን በሌላው እጅ ጨብጦ መታገል የሚጠይቅ ሆነ። እንዲህ ዓይነት ሽጉጥ በቤቱ ያለ ሰው ይጠቅመዋል ብዬ ያየሁትን ሁሉ ጽፌዋለሁ።

ሽጉጡ ከአጎቴ የተላለፈልኝ ነው። አጎቴ ዕድሜያቸውን በቡና ንግድ ያሳለፉ ሰው ናቸው፤ ለመጋዘኑ ጥበቃ ብለው ነው የያዙት። እኔም የያዝኩት ለዚያው ነው። ሞዴሉ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1899 "ሚሊተሪ ኤንድ ፖሊስ" ተብሎ ወጣ፤ 10 የሚለውን ቁጥር ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1957 ነው። ከስድስት ሚሊዮን በላይ ተመርቷል። ነጥብ 38 ስፔሻል ጥይት ይጎርሳል፣ ከበሮው ስድስት ይይዛል፣ ክብደቱ አንድ ኪሎ አይሞላም። ብዙ ስለተሠራ ጠባዩ በደንብ የታወቀ ነው፤ ችግር ሲመጣም መነሻው የሚገኘው ከተለመዱት ጥቂት ቦታዎች በአንዱ ነው። እኔ ይህን ሽጉጥ የምወደው ከሁሉ በላይ በዚህ ነው።

የጅማን አየር የሚያውቅ ሰው ቀጥሎ የምለው አይገርመውም። ከተማው ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ዝናብ ይወርድበታል። ሌሊቱ ይቀዘቅዛል፣ ጠዋት ጭጋግ ነው። ፈረንጅ አራዳ ያሉ የድሮ ቤቶች ውስጥ ቁም ሣጥን የተሰቀለ ኮት እንኳ ሻጋታ ያወጣል። ብረት ደግሞ ከኮት በላይ ይጎዳል። የሞዴል 10 ጥቁር ሰማያዊ ቀለም ያምራል፣ እርጥበትን ግን አይችልም። ከዓመታት በፊት የተቀባ ወፍራም ዘይትም በብርድ ይረጋል፣ አቧራ ይይዛል፣ ውሎ አድሮ እንደ ሙጫ ይጣበቃል።

ወደ ምርመራው ከመግባቴ በፊት አንድ የማልደራደርበት ነገር አለ። ከበሮውን ከፍቶ ስድስቱንም ጥይት ማውጣት፣ በጣት መቁጠር፣ ከዚያ ጥይቱን ወደ ሌላ ክፍል መውሰድ። ጠረጴዛው ላይ አንድም ጥይት አይቀመጥም። ጥይት እንደጎረሰ ተነክሶ አልከፈት ያለ ሽጉጥ ከገጠማችሁ በጉልበት አትታገሉት። አፈሙዙን ሰው ወደሌለበት አቅጣጫ አድርጋችሁ፣ እጃችሁን ከምላጩ አርቃችሁ፣ ሙያውን የሚያውቅ ሰው ይድረስላችሁ።

ብዙ ሰው መዶሻ ሲከብድ ወዲያው ሞላውን ይጠረጥራል። ሞላ ግን በዕድሜ ይላላል እንጂ አይጠነክርም። ትናንት ቀሎ ዛሬ የከበደ መዶሻ አንድ የሚይዘው ነገር አለ ማለት ነው። ሥራው የሚይዘው የት ጋ እንደሆነ መለየት ነው። ሞዴል 10 ላይ መዶሻው ወደ ኋላ ሲሳብ አብሮ ከበሮው ይዞራል። ስለዚህ ክብደቱ ከመዶሻው ይሁን ከከበሮው በእጅ ብቻ አይታወቅም።

መለያው ይሄ ነው። ከበሮውን ክፈቱት። እንደተከፈተ መዶሻው አልሳብ ይላል፤ መከላከያ ሆኖ የተሠራ ስለሆነ አይግረማችሁ። በግራ በኩል ያለችውን የከበሮ መክፈቻ ቁልፍ ወደ ኋላ ሳብ አድርጋችሁ ያዙ፤ አሁን መዶሻው ይሳባል። ስትመልሱት በአውራ ጣት ይዛችሁ ቀስ ብላችሁ እንጂ ለቃችሁት እንዳይመታ። ከበሮው ተከፍቶ መዶሻው ከቀለለ ጥፋቱ ከበሮው ጋ ነው። ያው ከሆነ ጥፋቱ ውስጥ ነው። የእኔው በጣም ቀለለ፣ ግን ሙሉ በሙሉ አልቀለለም። ማለትም ጥፋቱ ሁለት ቦታ ነበር።

ሌላም ምልክት አለ። ስድስቱን ቀዳዳዎች በእስክሪብቶ ቁጥር ስጧቸውና ከበሮው ተዘግቶ መዶሻውን አንድ በአንድ ሳቡ። ሁልጊዜ አንዱ ቁጥር ላይ ብቻ የሚከብድ ከሆነ ወይ ዘንጉ (ከከበሮው መሃል ወደ ፊት የሚወጣው ቀጭን ብረት) ተጣሟል ወይ ከኋላ ያለው ኮከብ (በዘንጉ ሲገፋ ቀለሆቹን የሚያስወጣው ጥርሳም ብረት) አንዱ ጥርሱ ተጎድቷል። ሁሉም ላይ እኩል ከከበደ ቆሻሻ ጠርጥሩ። ባዶውን ቀሎ ጥይት ሲጎርስ ብቻ ከከበደ ደግሞ ሽጉጡን ተዉትና ጥይቱን እዩ። ቂጡ መሃል ያለችው ክብ መቀጣጠያ ወደ ውጭ ወጣ ካለች ከኋላ ያለውን ብረት እየታከከች ትይዛለች። በጣት ሲዳሰስ ይታወቃል። እንዲህ ያለው ጥይት ወደ ሽጉጡ መመለስ የለበትም።

ከከበሮው ጀመርኩ። ዘንጉን ወደ ኋላ ስትገፉት ቀለሆቹን የሚያስወጣው ኮከብ ብቅ ይላል። ከኮከቡ ሥር ያለው ጠባብ ቦታ የዚህ ሽጉጥ ደካማ ጎን ነው። ያልተቃጠለ የባሩድ ፍሬ እዚያ ይገባና ይቀራል። ከላይ ሽጉጡ የሚያብረቀርቅ ንጹሕ ነው፤ ኮከቡን ገፍቼ በእጅ ባትሪ ሳየው ግን ሥሩ ዙሪያውን ጥቁር ነበር፤ መሃሉ ላይ ደቃቅ ቢጫማ ፍሬዎች ተጣብቀዋል። ያ ሁሉ ምናልባት ከወረቀት ውፍረት አይበልጥም። ግን ኮከቡን በዚያችው ልክ ወደ ኋላ ያወጣዋል፤ ከበሮውም ከኋላው ብረት ጋር ይፋተጋል። ነጭ ጋዝ ነክሬ በጥርስ ብሩሽ ፈገፈግኩት፣ በሹል እንጨት ጥጉን ጠረግኩት፣ በደረቅ ጨርቅ አደረቅኩት። በሽቦ ወይም በካቻቢቴ ጫፍ መፋቅ አያስፈልግም፤ ያቆስለዋል። ሲጸዳ የሽጉጡን አፈሙዝ ወደ ላይ አድርጎ ዘንጉን መግፋት ይሻላል፤ ፍርፋሪው ወደ ታች ይወድቃል እንጂ ተመልሶ ኮከቡ ሥር አይገባም።

ከበሮው ፊት ለፊትም ማየት ይገባል። በከበሮውና በአፈሙዙ ቂጥ መካከል ያለው ክፍተት በተለምዶ ከ0.1 እስከ 0.25 ሚሊ ሜትር ነው። ጥላሸትና እርሳስ ከደፈነው ከበሮው እየታከከ ይዞራል። ባዶውን ሽጉጥ ወደ መስኮት አዙሮ በጎን ሲታይ ቀጭን የብርሃን መስመር መታየት አለበት። የእኔው ይታይ ነበር፤ አለፍኩት።

ዘንጉ ግን አላሳለፈኝም። ከበሮውን ከፍቼ በጣቴ ሳሽከረክረው ጫፉ ቀጥ ብሎ ዞረ፣ አልተጣመመም። ጫፉን በሁለት ጣት ይዤ ጠምዘዝ ሳደርገው ግን ብቻውን ዞረ። ላልቷል። የላላ ዘንግ በጥቂቱ ይረዝማል፤ ሲረዝም ከአፈሙዙ ሥር ያለውን መያዣ ይገፋል፤ ከበሮው ለመክፈትም ለመዞርም ይከብዳል። ብሶበት ጭራሽ አልከፈት የሚልበት ጊዜም አለ።

እዚህ ጋ ብዙ ሰው ወደ ተሳሳተው አቅጣጫ ያጠብቃል። ከበሮው ሲከፈት በክፈፉ ላይ የሞዴሉ ቁጥር ተመትቶ ይነበባል። የእኔው 10-5 ይላል። ከ10-2 ጀምሮ፣ ማለትም እ.ኤ.አ. ከ1961 ወዲህ፣ የዘንጉ ጥርስ ተገላቢጦሽ ነው፤ የሚጠብቀው ወደ ግራ ነው። ፋብሪካው ይህን ያደረገው ዘንጉ በሥራ ብዛት ራሱን እንዳይፈታ ብሎ ነው፤ ጥሩ ማሻሻያ ነው። ከዚያ በፊት የተሠሩት እንደማንኛውም ብሎን ወደ ቀኝ ይጠብቃሉ። ቁጥሩን ሳታነቡ እንዳትነኩት። ሲጠብቅም ባዶ ቀለሆች ከበሮው ውስጥ መግባት አለባቸው፤ አለበለዚያ ኮከቡን የሚይዙት ደቃቅ ነገሮች ይሰበራሉ። ዘንጉ በወፍራም ቆዳ ተጠቅልሎ በሞርሳ ለስለስ ተደርጎ ይያዝና ከበሮው ይዞራል። በፒንሳ ከተያዘ ጥርሱ ይበላሻል።

ይህን የዘንግ ሥራና የቀረውን የውስጥ ክብደት ይዤ በፈቃድ ወደሚሠሩ አንድ አዛውንት መሣሪያ ጠጋኝ ሄድኩ። ሠፈር ውስጥ ቶርኖ ያለው ጎበዝ ልጅ ሞልቷል፤ ነገር ግን የጦር መሣሪያ ጥገና ፈቃድ የሚጠይቅ ሥራ ነው። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ከወጣ ወዲህ ለባለቤቱም ለጠጋኙም ወረቀቱ መስተካከል አለበት። ከሕጉም በላይ፣ የጎን ሽፋኑን በካቻቢቴ ፈልቅቆ የሚያነሳ ሰው ሽጉጡን ለዘላለም ያበላሸዋል። ሽፋኑ ብሎኖቹ ከወጡ በኋላ እጀታው በእንጨት ቀስ ተደርጎ ሲመታ ራሱ ይነሳል እንጂ አይፈለቀቅም።

ሽማግሌው መዶሻውን አንድ ጊዜ ብቻ ሳቡትና ቀና ብለው አዩኝ።

"ልጄ፣ ሞላውን የነካው ሰው አለ?"

"የለም ጋሼ፣ ማንም አልነካውም።"

"እግዜር ይስጥህ። ግማሹ ሰው ቆርጦት ነው የሚመጣው።"

ሞላ የሚቆርጥ ሰው መዶሻው ቀለለልኝ ብሎ ይደሰታል። መርፌው ግን መቀጣጠያውን በደንብ አይመታም፤ ሽጉጡ በሚፈለግበት ሰዓት ቀጭ ብሎ ዝም ይላል። እጀታው ፊት ለፊት ከታች ያለችውን ትንሽ ብሎን ማላላትም ያው ነው። ያቺ ብሎን ሞላውን የምትወጥር ናት፤ እስከ መጨረሻው ጠብቃ መቀመጥ አለባት። ክብደት ማስተካከያ አይደለችም።

ሽፋኑ ሲነሳ ውስጡ ዝገት አልነበረበትም። የነበረው ቡናማ፣ የረጋ ዘይት ነው። መዶሻው ሥር፣ ምላጩ ሥር፣ ከበሮውን የሚያዞረው ጣት መሰል ብረት ጎን ሁሉ ተለጥፏል። ሽማግሌው በነጭ ጋዝ አጠቡት፣ በደንብ አደረቁት፣ ከዚያ በመርፌ ጫፍ ጠብታ ጠብታ ቀጭን የስፌት ማሽን ዘይት አስነኩት። ከዚያ በላይ አልጨመሩም። ዘይት ሲበዛ ይሻላል የሚለው ሐሳብ በእኛ አየር አይሠራም፤ የበዛው ነው መልሶ የሚረጋው። ለነገሩ ያ ዘይት መርካቶ የልብስ ስፌት ዕቃ የሚሸጡ ሱቆች ውስጥ በርካሽ ይገኛል። ደብሊው ዲ ፎርቲ የሚባለው የሚረጭ ፈሳሽ እርጥበት ለማባረር ጥሩ ነው፤ ለዘለቄታ ቅባት ግን አልመክረውም።

አሁን መዶሻው በአንድ አውራ ጣት፣ ያለ ትግል፣ እየተንሸራተተ ይሳባል። መጨረሻው ላይ የምትሰማው ቀጭታም ጥርት ያለች ናት።

የማስቀመጫውን ነገር ዝም ብዬ አላልፍም። ሽጉጥ በቆዳ ማኅደር ውስጥ ተቆልፎ አይከርምም። ቆዳ እርጥበት ይጠጣል፣ ብረቱ ላይ ይዞ ያስቀራል። የእኔው በስተቀኝ በኩል ቆዳው ያረፈበት ቦታ ላይ ቀለሙ ነጠብጣብ ሆኖ ለቋል፤ ያ ከእንግዲህ አይመለስም። አሁን በስሱ ዘይት በነካ የጥጥ ጨርቅ ተጠቅልሎ በብረት ሣጥን ውስጥ ተቆልፎ ይቀመጣል። ጥይቱ ለብቻው፣ በሌላ ቁልፍ። ዝናብ በበዛበት ወር ቶሎ ቶሎ አውጥቼ እጠርገዋለሁ፤ በበጋ ያን ያህል አያስፈልገውም።

ከወራት በኋላ ሞዴል 10ን እንዴት አየኸው ብትሉኝ፣ ደግሜ እመርጠዋለሁ። ከበሮውን ከፍቶ መጉረስ አለመጉረሱን በዓይን ማረጋገጥ ይቻላል፤ ቤት ውስጥ ልጆች ላሉት ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። መዶሻው ሳይሳብ በምላጩ ብቻ ለመተኮስ አምስት ኪሎ የሚጠጋ ጉልበት ይጠይቃል፤ ለጥበቃ መሣሪያ ይህ ጥሩ ነው፣ በድንገት አይተኮስም። የማልወድለት ቀለሙንና ያንን የኮከቡን ሥር ነው። ሁለቱም ለደረቅ አገር ሰው ችግር ላይሆኑ ይችላሉ፤ ጅማ ላይ ግን ናቸው።

በሕጋዊ መንገድ ሊረከብ ያሰበ ሰው ካለ፣ ከመፈረሙ በፊት ባዶ መሆኑን አረጋግጦ ኮከቡን ገፍቶ ሥሩን በባትሪ ይይ፣ ዘንጉን በጣቱ ጠምዘዝ ያድርግ፣ ስድስቱንም ቀዳዳ እያዞረ መዶሻውን ቀስ ብሎ ይሳብ። እጀታው ፊት ያለችው ብሎን ላልታ ካገኛት፣ ሞላውን የነካ እጅ መኖሩን ይጠይቅ።