አሮጌ ላንድክሩዘር ልትገዙ ነው? ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ድምፁን በደንብ ስሙት

ወገኖች፣ ይህ ማስጠንቀቂያ አሮጌ ላንድክሩዘር ሊገዛ ገንዘብ ለያዘ ሰው ሁሉ ነው፤ በተለይ እስከ 1984 እ.ኤ.አ. ድረስ የተመረቱትን ባለ 40 ቁጥር ሞዴሎችና በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. የተሠሩትን ባለ 4.2 ሊትር ናፍጣ 75ቶች ለሚፈልግ። በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ ጠንካራ የገጠር መኪና የሚሻ ሰው አማራጩ ጠቧል። ደላላውም ይህን ያውቃል።

የሚያከስሩት ሁለት ዓይነት መኪኖች ናቸው። አንደኛው «ዲፈረንሻሉ ትንሽ ይጮሃል፣ በርካሽ ይሠራል» እየተባለ የሚሸጠው ነው፤ ዲፈረንሻል ማለት ኃይሉን ለግራና ለቀኝ ጎማ የሚያከፋፍለው የጥርስ ሳጥን ነው። ሁለተኛውና የከፋው ምንም ድምፅ የሌለው ነው። ሠላሳና አርባ ዓመት በኮረኮንች የኖረ መኪና ጭራሽ ጭጭ ካለ፣ ዝም ያሰኘው ምን እንደሆነ ሳታውቁ ብር አትቁጠሩ።

ዝም የሚያሰኙት እንዲህ ነው። ዲፈረንሻሉ ውስጥ የሚገባው ዘይት 90 ቁጥር ሆኖ ሳለ 140 ይሞሉበታል፤ ሲብስ ግራሶ ይጨምሩበታል፤ ከዚያም ሲብስ ሰጋቱራ። ወፍራሙ ነገር በተበሉት ጥርሶች መካከል ስለሚገባ ጩኸቱ ለጊዜው ይታፈናል። ዲፈረንሻሉ ውስጥ ትንሹ ጥርስ ፒኞን፣ እሱ የሚያዞረው ትልቁ ክብ ጥርስ ኮሮና ይባላል፤ ዘንጎቹን ይዞ የሚያሽከረክራቸው ኩሽኔታ ነው። ችግሩ የፒኞኑ ኩሽኔታ ዘይት የሚያገኘው ኮሮናው ሲሽከረከር ከታች ዘግኖ በሚረጭለት ብቻ መሆኑ ነው። ግራሶና ሰጋቱራ እንደ ዘይት አይፈስም፣ የዘይቱን መተላለፊያም ይዘጋል። ኩሽኔታው ደርቆ ይግላል፣ ፒኞኑ ይላወሳል፣ ቀሪው ጥርስ ይረግፋል። ሻጩ ያኔ ስልክ አያነሳም።

ስለዚህ መጀመሪያ የዲፈረንሻሉን የላይኛውን መሙያ ቡሎን አስከፍቱ። የታችኛውን አይደለም። ጤነኛ ከሆነ ዘይቱ እስከ ቀዳዳው ከንፈር ደርሶ ይቆማል። ጣታችሁን አስገቡና በሁለት ጣት እሹት። የሚለጠጥ፣ እንደ ሙጫ የሚጎተት ወይም የእንጨት ፍርፋሪ ያለበት ከሆነ ጨዋታው አልቋል። የወተት መልክ ካለው ውኃ ገብቶበታል፤ መንስኤው ብዙ ጊዜ ከዲፈረንሻሉ አናት ላይ ያለው የአየር መተንፈሻ መዘጋት ነው። የጋለ ዲፈረንሻል ወንዝ ውስጥ ሲገባ በድንገት ይቀዘቅዛል፣ መተንፈሻው ከተዘጋ ደግሞ ውኃውን በኦይል ሲሉ (ዘይት እንዳይወጣ በሚያግደው የላስቲክ ቀለበት) በኩል ይስባል። በማፍሰሻው ቡሎን ማግኔት ላይ ግራጫ ሊጥ የመሰለ ደቃቅ ብናኝ ቢኖር የተለመደ ነው። በጣት የሚለቀም ስንጣሪ ብረት ከሆነ ግን ጥርስ ወይም ኩሽኔታ እየተበላ ነው።

ወፍራም ዘይት ሲሞቅ ይቀጥናል። ሻጩ ሁለት ኪሎ ሜትር አስፋልት ላይ አዙሮ የሚመልሳችሁ ለዚህ ነው። ከ25 እስከ 30 ኪሎ ሜትር ካልነዳችሁ የሰማችሁት ዘይቱን እንጂ መኪናውን አይደለም። ቴፑን አዘጉ፣ መስኮት ክፈቱ፣ ዳገትም ቁልቁለትም ያለበት መንገድ ምረጡ። ጠዋት ሞተሩ ሳይነሳ ድረሱ፤ በብርዱ ሁለተኛ ማርሽ አልገባ ብሎ ከታገለ ካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) ውስጥም የማይገባ ወፍራም ዘይት እንዳለ ጠርጥሩ።

አሁን ወደ ድምፁ። ገና ቆሞ ሳለ ሞተሩን አስነሱና ዜሮ ላይ አድርጉት። ፍሪሲዮኑ ሳይረገጥ ጉርምርምታ ካለና ስትረግጡት ከጠፋ፣ የተበላው የካምቢዮው መግቢያ ዘንግ ኩሽኔታ ነው፤ ካምቢዮ መውረድ አለበት። በተቃራኒው ስትረግጡ ብቻ የሚመጣ ጩኸት የፍሪሲዮኑ ኩሽኔታ ነው። ዋጋው ትንሽ ነው፣ ለመቀየር ግን ያው ካምቢዮ ይወርዳል፤ የጉልበቱን ክፍያ አስቡበት።

ስትነዱ በየማርሹ ስሙ። አራተኛ ማርሽ ቀጥታ ነው፤ ኃይሉ በታችኛው ዘንግ ሳይዞር ያልፋል። ድምፁ በአንደኛ፣ በሁለተኛና በሦስተኛ ኖሮ በአራተኛ ከጠፋ ወይም በጣም ከቀነሰ ጥፋቱ የካምቢዮው የታችኛው ዘንግና ኩሽኔታዎቹ ናቸው። በአንድ ማርሽ ብቻ ከሆነ የዚያ ማርሽ ጥርስ ነው። በሁሉም ማርሽ አንድ ዓይነት ሆኖ ከሞተሩ ዙር ይልቅ የመኪናውን ፍጥነት ከተከተለ ከካምቢዮው ወደ ኋላ ሂዱ።

እዚህ ላይ እግራችሁ ነዳጅ ላይ ያለው ሥራ ወሳኝ ነው። 60 ላይ ደርሳችሁ ነዳጅ ስትረግጡ ቀጭን ልቅሶ መጥቶ ስትለቁ ከጠፋ የፒኞኑና የኮሮናው መግጠሚያ ተዛብቷል። ስትለቁ ብቻ የሚያለቅስ ከሆነም ያው የጥርስ ጉዳይ ነው፤ የፒኞኑ ኩሽኔታ ልል መሆኑም ይጠረጠራል። ብትረግጡም ብትለቁም የማይለወጥ፣ መሪውን ቀስ ብላችሁ ግራና ቀኝ ስታወዛውዙ ግን የሚለዋወጥ ጉርምርምታ ከጎማ ኩሽኔታ ነው። ክብደቱ ወደ ቀኝ ሲያዘነብል ከባሰ የቀኙ፣ ወደ ግራ ሲያዘነብል ከባሰ የግራው። አስፋልት ላይ እየጮኸ ኮረኮንች ላይ የሚጠፋው ደግሞ ጥርሱ ትልልቅ የሆነው ጎማ ራሱ ነው፤ ለእሱ ዲፈረንሻል እንዳታስፈቱ።

ከፊት ነው ከኋላ የሚለውን ለመለየት ገንዘብ የማይጠይቅ መንገድ አለ። የፊት ጎማዎቹ መሐል ላይ «ፍሪ» እና «ሎክ» የሚል መዞሪያ አለ። ሁለቱንም ፍሪ ላይ አድርጋችሁ ፎር ዊል ሳታስገቡ ንዱ፤ የፊት ዲፈረንሻልና ዘንጉ አይዞሩም። ከዚያ ቁሙና ሁለቱንም ሎክ አድርጋችሁ፣ አሁንም ፎር ዊል ሳታስገቡ፣ በዚያው ፍጥነት በዚያው መንገድ ንዱ። አዲስ ድምፅ ከመጣ ከፊት ነው። ይህን ስታደርጉ የፊተኛው ትራንስሚሽን፣ ያ ከትራንስፈር (ኃይሉን ለፊትና ለኋላ ከሚያካፍለው ሳጥን) ወደ ፊት ዲፈረንሻል የሚሄደው ረጅም ዘንግ፣ በቦታው መኖሩን ጎንበስ ብላችሁ እዩ። እንዳይጮህ ፈትተው የሚሸጡ አሉ።

ለሚቆራረጥ ድምፅ ቆጠራ ይሠራል። 7.50 ባለ 16 ጎማ አንድ ጊዜ ሲዞር ወደ 2.5 ሜትር ይሄዳል። ዲፈረንሻሉ 4.10 ከሆነ ጎማው አንዴ ሲዞር ትራንስሚሽኑ አራት ጊዜ ይዞራል። መኪናው በእግር ፍጥነት ሲሄድ ጎኑን ተከትላችሁ ስሙ። «ቀጭ» የሚለው በአንድ የጎማ ዙር አንዴ ከሆነ ጎማው፣ ዘንጉ ወይም የኮሮናው አንድ ጥርስ ነው፤ አራት ጊዜ ከሆነ ትራንስሚሽኑ፣ ክሮቸራው (የትራንስሚሽኑ ጫፍ ላይ ያለው የመስቀል መገጣጠሚያ) ወይም ፒኞኑ ነው። በዝግታ ሲሄድ «ሲጥ ሲጥ ሲጥ» ብሎ ሲፈጥን የሚጠፋ ደግሞ ግራሶ ያጣ ክሮቸራ ነው። ክሮቸራ ማስቀየር ቀላል ሥራ ነው። በዚህች ድምፅ ሙሉ ዲፈረንሻል የሚያስቀይሩ ጋራዦች ስላሉ ለይታችሁ እወቋት።

ሲነሳና ወደ ኋላ ሲቀየር «ጓ» የሚለው ከብዙ ቦታ ሊመጣ ይችላል። መኪናው ቆሞ፣ ጎማው በድንጋይ ተደግፎ፣ ሞተሩ ጠፍቶ ትራንስሚሽኑን በእጅ ያዙና ወዲያና ወዲህ አወዛውዙ። ክሮቸራው መስቀል ላይ ትንሽም ብትሆን ነቅናቃ ካያችሁ ተበልቷል። ክሮቸራው ጠንካራ ሆኖ የፒኞኑ ፍላንጅ ላይና ታች ከተነቃነቀ ግን የፒኞን ኩሽኔታው ሄዷል፤ ይህ ውድ ነው። በ75ቱ ላይ የኋላውን ጎማ ዘንግ ጫፍ የያዙትን ቡሎኖች አትዝለሉ። ዙሪያቸው ቀይ የዝገት ዱቄት ካለ ላልተው እየተፋተጉ ነው፤ አንዱ ሲቆረጥ ሌሎቹ ይከተላሉ።

ፊት ለፊት ያለውን መገጣጠሚያ ለመሞከር አፈር ወይም አሸዋ ፈልጉ፤ ፎር ዊል አስገብቶ ደረቅ አስፋልት ላይ ማጠፍ ጤነኛውንም ይጎዳል። ሎክ አድርጉ፣ ፎር ዊል አስገቡ፣ መሪውን እስከ መጨረሻ አጥፋችሁ ነዳጅ ስጡት። «ቀጭ ቀጭ ቀጭ» ካለ የዚያ ጎን የፊት ዘንግ መገጣጠሚያ ተበልቷል። ከጎማው በስተጀርባ ያለው ክብ ብረት ላይ ጥቁር ቀጭን ፈሳሽ የሚንጠባጠብ ከሆነ የውስጡ ኦይል ሲል ተበጥሶ የዲፈረንሻሉ ዘይት ከግራሶው ጋር ተደባልቋል፤ ግራሶው ታጥቧል፣ ዲፈረንሻሉም ዘይቱ እየጎደለ ነው።

ሌላው ብዙ ሰው የማያየው፦ በእነዚህ መኪኖች በካምቢዮውና በትራንስፈሩ መካከል ያለው ኦይል ሲል ሲበላ ዘይት ከካምቢዮው ወደ ትራንስፈሩ ይሻገራል። ውጭ ጠብታ የለም፣ መሬቱ ንጹሕ ነው፣ ካምቢዮው ግን ይደርቃል። የትራንስፈሩ መሙያ ሲከፈት ዘይት ከፈሰሰ፣ የካምቢዮው ሲከፈት ደግሞ ጣት ካልነካ፣ ይህ ሆኗል። ሻጩ «ዘይት አይጥልም» ሲል እውነቱን ነው፤ የካምቢዮው ጥርስ ግን ያለ ዘይት ሲፋጭ ከርሟል።

ከሶማሌ ተራ በተለቀመ ዲፈረንሻል የተጠገነ መኪና ሌላ ጣጣ አለው። ከፊት 4.10፣ ከኋላ 3.70 የተገጠመ ከሆነ ፎር ዊል በገባ ቁጥር ሁለቱ ይጓተታሉ፣ ትራንስፈሩም ይሰበራል። ለማረጋገጥ ካምቢዮውን ዜሮ አድርጉ፣ ሌሎቹን ጎማዎች በድንጋይ ደግፉ፣ አንድ የኋላ ጎማ ብቻ በክሪክ አንሱና ማቆሚያ አስገቡ። ትራንስሚሽኑ ላይ በኖራ ምልክት አድርጉና ጎማውን ሁለት ሙሉ ዙር አዙሩ። ትራንስሚሽኑ አራት ዙርና ጥቂት ከሄደ 4.10 ነው፤ አራት ሳይሞላ ከቆመ 3.70 ነው። ከፊትም መዞሪያዎቹን ሎክ አድርጋችሁ ድገሙት።

መኪናውን ገዝታችሁ ካበቃችሁና ጋራዡ «ኮሮናና ፒኞን ይቀየር» ካላችሁ፣ ሁለቱ ጥንድ ናቸው። ፋብሪካው አብሮ አፋጭቶ አንድ ዓይነት ቁጥር ይጽፍባቸዋል፤ ቁጥራቸው የማይገጥመውን አትቀበሉ፣ ዕድሜ ልኩን ያለቅሳል። የጥርሶቹ ክፍተት ከ0.15 እስከ 0.20 ሚሊሜትር መሆን አለበት፤ በመለኪያ ሰዓት ተለክቶ ይታያችሁ እንጂ «በእጄ አውቀዋለሁ» የሚለውን አትስሙ። ሳይዘጋ በፊት ጥርሱ ላይ ቀለም ቀብተው ያዙሩት፤ የመነካካቱ ምልክት ከጥርሱ መሐል ካረፈ ጥሩ ነው፣ ጫፍ ወይም ሥር ላይ ካረፈ ተፈትቶ ይስተካከል። ኩሽኔታ ስትገዙ ካርቶኑን ሳይሆን ቀለበቱ ላይ የተቀረጸውን ቁጥር ከአሮጌው ጋር አስተያዩ፣ አሮጌውንም ከጋራዡ ተቀበሉ።

ሻጩ መሙያውን አልከፍትም ወይም ሩቅ አላስነዳም ካለ፣ ሌላ መኪና ፈልጉ። ከተስማማችሁ ደግሞ ያገኛችሁትን ጉድለት ማን እንደሚያሠራ በውሉ ላይ በስሙ አስጽፉ፤ «አይቼና ወድጄ ገዝቻለሁ» በሚለው ዓረፍተ ነገር ላይ ውልና ማስረጃ ፊት ከፈረማችሁ በኋላ ስለ ሰጋቱራው መከራከር በጣም ከባድ ነው።