የቡቺ ካፖርት ከስምንት ወር በኋላ፦ በሐረር ብርድ ትንሽ ውሻን መቼ ማልበስ፣ መቼ ማውለቅ

ውሻዬ ቡቺ ዘጠኝ ዓመት የሞላው፣ 4 ኪሎ ከ200 ግራም የሚመዝን፣ ፀጉሩ አጭርና ሳሳ ያለ፣ ቺዋዋ ከሚባለው ትንሽ የውሻ ዝርያ የተዳቀለ ወንድ ውሻ ነው። ካፖርቱን እህቴ ከአዲስ አበባ በ1,400 ብር ገዝታ ያመጣችልኝ በጥቅምት 2017 ዓ.ም. ሲሆን፣ ይህን የምጽፈው በግንቦት መጨረሻ፣ የሐረርን የብርድ ወራትና የበልጉን ዝናብ አብረን ካሳለፍን በኋላ ነው። ውጭው ቀጭን ናይለን፣ ውስጡ እንደ ብርድ ልብስ የለሰለሰ ሰው ሠራሽ ጨርቅ ነው፤ አንገቱና ሆዱ ሥር በቬልክሮ ይታሰራል። ስለ ስፌቱና ስለ ጥንካሬው የምለው አለኝ፤ ነገር ግን በእነዚህ ወራት ከልብሱ ጥራት ይልቅ በየማለዳው ያስጨነቀኝ «ዛሬ ያስፈልገዋል ወይስ አያስፈልገውም?» የሚለው ጥያቄ ስለነበር ከዚያ እጀምራለሁ።

ሐረር ከባሕር ጠለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ ወይና ደጋ ከተማ ናት። ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት ደረቅ ወራት ሰማዩ ጥርት ስለሚል መሬቱ ቀን የያዘውን ሙቀት ሌሊቱን ሙሉ ሲለቅ ያድራል፤ ስለዚህ ብርዱ የሚበረታው እኩለ ሌሊት ላይ ሳይሆን ጎህ ሲቀድ ነው። በረንዳዬ ላይ የሰቀልኩት ቴርሞሜትር የቁልቢ ገብርኤል ንግሥ በሚከበርበት በታኅሣሥ 19 ሰሞን ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ 9 ዲግሪ ሴልሺየስ ያሳየኝ ሲሆን፣ በዚያው ዕለት ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ 24 ዲግሪ ነበር። በአንድ ቀን ውስጥ ይህን ያህል ልዩነት ባለበት ከተማ «የብርድ ወቅት ስለሆነ ይልበስ» ብሎ ጠዋት አልብሶ ማታ ማውለቅ ትልቅ ስሕተት መሆኑን የተረዳሁት በመጀመሪያው ሳምንት ነው።

የእንስሳት ሐኪሞች በአብዛኛው የሚሰጡት ምክር የአየሩ ሙቀት ከ7 ዲግሪ በታች ሲወርድ ትንንሽና ፀጉረ ስስ ውሾች ሊበርዳቸው እንደሚችል፣ ከ0 በታች ሲሆን ደግሞ ለእነርሱ አደገኛ መሆን እንደሚጀምር ነው። በዚህ መለኪያ ብቻ ቢሆን ኖሮ ሐረር ውስጥ ለውሻ ልብስ መግዛት አላስፈላጊ ወጪ በሆነ ነበር፤ ለአብዛኞቹ ውሾችም በእርግጥ አላስፈላጊ ነው። ግቢያችንን የሚጠብቀው ትልቁ የአበሻ ውሻ ፀጉሩ ከቡቺ ፀጉር ብዙም የማይረዝም ሆኖ ሳለ፣ በዚያው የ9 ዲግሪ ማለዳ ከቤቱ ወጥቶ ሰውነቱን አርገፍግፎ ሥራውን ይጀምራል። ልዩነቱ የግዝፈት ነው። ስኒ ውስጥ የተቀዳ ቡና ጀበና ውስጥ ከቀረው ቀድሞ እንደሚቀዘቅዝ ሁሉ፣ የትንሽ ውሻ ገላም ከክብደቱ ጋር ሲነጻጸር ለአየር የተጋለጠው ቆዳው ብዙ ስለሆነ ሙቀቱን ቶሎ ያጣል። እግሩም አጭር በመሆኑ ሆዱ ከቀዝቃዛው መሬትና ከጤዛው ብዙም አይርቅም። ከዚህ ላይ ዕድሜ፣ ክሳት ወይም ሕመም ሲጨመር ሐኪሞቹ የሚሰጡት የዲግሪ ወሰን ወደ ላይ ከፍ ማለት አለበት። ለቡቺ በልምድ ያገኘሁት ወሰን 12 ዲግሪ ነው፤ ነፋስ ካለ 14 ላይም አለብሰዋለሁ። ስፒትስ ከሚባለው ዝርያ የሆነው የእህቴ ውሻ ግን ከላይኛው ረጅም ፀጉሩ ሥር ሌላ ጥቅጥቅ ያለ ለስላሳ ፀጉር ስላለው፣ ክብደቱ ከቡቺ ብዙም ሳይለይ ልብስ አያስፈልገውም፤ ቢለብስም ፀጉሩ ከመቋጠር በስተቀር የሚያተርፈው ነገር የለም።

ቴርሞሜትሩ ግን የውሳኔው ግማሽ ብቻ ነው። ቡቺ ሲበርደው ጅራቱን ወደ ሆዱ ያስገባል፣ ጀርባውን ያጎብጣል፣ የፊት እግሮቹን እያፈራረቀ ከመሬት ያነሣል፣ ጥቂት እርምጃ ሄዶ ዞር ብሎ በሩን ያያል። ሲሞቀው ደግሞ አፉን ከፍቶ ያለከልካል፣ ቆም እያለ ልብሱን በኋላ እግሩ ይፍቃል። ውሻ እንደ ሰው በመላ ገላው አያልብም፤ ሙቀቱን የሚያወጣው በዋናነት በማለክለክ ስለሆነ፣ በማያስፈልግ ሰዓት ልብስ የተጫነበት ውሻ ከበረደው ውሻ ያላነሰ አደጋ ላይ ነው። ስለዚህ ካፖርቱን ባለበስኩት ቁጥር ከአሥር ደቂቃ በኋላ እጄን ከልብሱ ሥር ደረቱ ላይ አስገባለሁ። የውሻ ገላ በጤናው ጊዜ ከ38 እስከ 39 ዲግሪ ገደማ ስለሚደርስ ለእጃችን ሞቅ ማለቱ የተለመደ ነው፤ ነገር ግን ወበቅ ወይም እርጥበት ከተሰማኝ ያኔውኑ አወልቅለታለሁ።

ይህን ልማድ ያስተማረኝ ወደ ድሬዳዋ ያደረግነው ጉዞ ነው። በጥር አንድ ማለዳ ከሐረር ስንነሣ ብርዱ ጠንካራ ስለነበር ቡቺን ካፖርቱን አልብሼ መኪና ውስጥ አስገባሁት። መንገዱ 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በአወዳይና በሐረማያ በኩል ደንገጎ እስክንደርስ ድረስ ደጋ ስለሆነ ልብሱ ተገቢ ነበር። ከደንገጎ በኋላ መንገዱ እየተጠማዘዘ ወደ ቆላው ይወርዳል፤ ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናትና። እኔ ጃኬቴን አውልቄ መስኮት ስከፍት፣ እርሱ ጭኔ ላይ ምላሱን አውጥቶ እያለከለከ እንደነበር ያስተዋልኩት ቁልቁለቱን ከግማሽ በላይ ከወረድን በኋላ ነው። ልብሱን ሳወልቅለት ሆዱ እንደ ምድጃ ይፋጅ ነበር። ውኃ ሰጥቼው ቶሎ ተረጋጋ፤ ሆኖም የራሴን ጃኬት ሳወልቅ የእርሱን መርሳቴ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ድሬዳዋ በቆየንባቸው አራት ቀናት ካፖርቱ ከቦርሳ አልወጣም። እዚያ ለሚኖሩ ውሻ ወዳዶች ይህን ዕቃ እንዲገዙ አልመክርም፤ ገንዘቡ ጥላ ያለው ማረፊያና የውኃ ሳህን ቢገዛበት ይሻላል።

ከዚህ የበለጠ የከበደኝ የየካቲቱ ነገር ነው። ቡቺ ለሁለት ቀን ያህል፣ እኩለ ቀን ላይ ሳይቀር፣ ይንቀጠቀጥ ጀመር። እኔም ብርድ ነው ብዬ ካፖርቱን አለበስኩት፣ ምሽትም አላወለቅሁም። በሦስተኛው ቀን ምግቡን ሲተው ወደ እንስሳት ሐኪም ወሰድኩት፤ የኋላ መንጋጋው ጥርስ ሥሩ መግሏል። መንቀጥቀጡ የሕመም እንጂ የብርድ አልነበረም። ትንንሽ ውሾች በጥርስና በድድ በሽታ በብዛት እንደሚጠቁ ሐኪሙ ሲነግረኝ፣ ሁለቱን ቀን ልብስ እየደረብኩ ማሳለፌ አሳዘነኝ። ጥርሱ ተነቅሎ መድኃኒቱን ሲጨርስ መንቀጥቀጡ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ቡቺ ሞቃት ክፍል ውስጥ ወይም ፀሐይ ላይ ሆኖ ከተንቀጠቀጠ፣ የማስበው ስለ ልብስ ሳይሆን ስለ ሕመም ወይም ስለ ፍርሃት ነው፤ ነጎድጓድ ሲሰማም እንዲሁ ይንቀጠቀጣልና።

ወደ ልብሱ ልመለስ። ትልቁ ጉድለቱ የተገኘው በሁለተኛው ወር ነው፤ የፊት እግር መውጫው ጠባብ ስለነበር ብብቱን እየፈገፈገው፣ በግራ በኩል የሳንቲም ስፋት ያህል ፀጉሩ ረገፈ። ከመጣሌ በፊት አጥቤ መኪና ግርግር ወዳሉት ልብስ ሰፊዎች ወሰድኩት። በግንብ የታጠረችውን የሐረር አሮጌ ከተማ የጀጎልን የውስጥ መንገዶች ለማያውቅ፣ መኪና ግርግር ስሙን ያገኘው በግራና ቀኝ ከተደረደሩት የስፌት መኪኖች ድምፅ ነው። አንድ አዛውንት ልብስ ሰፊ ካፖርቱን ገልብጠው አዩና «ልጄ፣ ይህን የሰፋው ሰው የለካው ጀርባውን ነው፤ አራት እግር ያለው ነገር የሚለካው ግን ደረቱ ላይ ነው» አሉኝ። የጻፍኩትን ልኬት ሰጠኋቸው፦ ደረት 37፣ አንገት 24፣ ከአንገት እስከ ጅራት ሥር 30 ሳንቲ ሜትር። የብብቱን ቀዳዳ በአንድ ሳንቲ ሜትር ተኩል አስፍተው ጠርዙን በጥጥ ጥብጣብ ከበቡልኝ፤ የጠየቁኝም 150 ብር ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ መፈግፈጉ ቆሟል፣ ፀጉሩም ተመልሷል። የሚገዛ ሰው በክብደት የተጻፈውን ቁጥር ትቶ ደረቱን ለክቶ ይግዛ፤ ሲታሰርም በልብሱና በገላው መካከል ሁለት ጣት መግባት አለበት።

ቬልክሮው ለሦስት ወር በሚገባ ሠራ፤ ከዚያ ፀጉርና ክር እየሰበሰበ መያዝ አቃተው። በመርፌ እየለቀምኩ እስከ መጋቢት ባዘልቀውም የሆዱን በሚያዝያ አስቀየርኩት። ያም ሆኖ ዚፕ ካለው ይልቅ ይህን እመርጣለሁ፤ ዚፕ የሆድ ፀጉርና ቆዳ ሊይዝ ይችላል፣ ቬልክሮ ግን በአንድ እጅ በሁለት ሴኮንድ ይፈታል። በደንገጎ ቁልቁለት ካየሁት በኋላ በውሻ ልብስ ከሁሉ አስቀድሜ የማየው ቶሎ መውለቁን ነው።

ዝናብ ላይ ውጤቱ መካከለኛ ነው። የሚያዝያ ዝናብ ጀርባው ላይ እየተንሸራተተ ቢወርድም የሆዱ ማሰሪያ ከመንገዱ ውኃ ይመጥጣል፤ አንዴ ከራሰም እርጥብ ጨርቅ ገላ ላይ መቆየቱ ካለመልበስ የባሰ ያበርዳል። ስለዚህ ከዝናብ ስንገባ መጀመሪያ ልብሱን አወልቃለሁ፣ ቀጥሎም ሆዱንና መዳፎቹን በፎጣ አደርቃለሁ። ካፖርቱን በሳምንት አንዴ በቀዝቃዛ ውኃና በጥቂት ሳሙና ብቻውን በተለየ ሳፋ አጥባለሁ፤ ግቢውን የምንጋራቸው ጎረቤቶቼ ሙስሊሞች ስለሆኑና ከውሻ ምራቅ ስለሚጠነቀቁ፣ የማሰጣበትም ገመድ ለብቻው ነው። ይህን ማድረጌ በመካከላችን ያለውን መከባበር ጠብቆልናል።

ካፖርቱ ማደሪያን አይተካም። በሐረር ጅብ ሲመሽ ወደ ከተማው መግባቱ የታወቀ ስለሆነ ትንሽ ውሻን፣ ለበሰም አለበሰ፣ ደጅ ማሳደር አይታሰብም። ቡቺ ቤት ውስጥ፣ ከሲሚንቶው ወለል ከፍ ባለ ካርቶንና ብርድ ልብስ ላይ፣ ያለ ልብስ ይተኛል፤ ሌሊት ማሰሪያው አንድ ነገር ቢይዝበት ደርሶ የሚፈታለት የለምና። የምንንሸራሸረውም ጨለማ ከመውደቁ በፊትና ፀሐይ ልትወጣ ስትል ነው። ከኅዳር እስከ ጥር ካፖርቱን የለበሰው ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 2 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው፤ ከየካቲት በኋላ ደግሞ በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ማለዳ ብቻ።

ለዚህ አጭር ሰዓት 1,400 ብርና የ150 ብር ጥገና ይገባዋል ወይ ለሚለኝ፣ ለአረጀና ፀጉረ ስስ ለሆነ ትንሽ ውሻ አዎን እላለሁ። በፊት በታኅሣሥ ማለዳ ከደጃፍ አልፎ የማይሄደው ቡቺ ዘንድሮ ከጀጎል በሮች አንዱ እስከሆነው ሸዋ በር ደርሶ ይመለስ ነበር። ለወጣትና ጥቅጥቅ ያለ ፀጉር ላለው ውሻ ግን አልገዛውም። ካፖርቱ አሁን ታጥቦ፣ ደርቆ፣ በላስቲክ ተጠቅልሎ ቁም ሣጥን ውስጥ ገብቷል፤ በጥቅምት ሳወጣው፣ ጥርሱ ከተነቀለ ወዲህ ጥቂት ስለወፈረ፣ መጀመሪያ ደረቱን እንደ ገና እለካለሁ።