ኖርተን 4000/8000 የውሃ መሳያ ድንጋይ፦ ለታጣፊ ምላጭ

ጢም መንጨት የጀመረ ምላጭ ስለት በሚታሽበት የቆዳ ቀበቶ ብቻ አይመለስም፤ ድንጋይ ይፈልጋል። ለዚህ ባለ ሁለት ፊቱ ኖርተን አስተማማኝ ነው፦ ሸካራው ፊት፣ 4000ው፣ ስለት ያወጣል፤ ደቃቁ ፊት፣ 8000ው፣ የ4000ውን ጭረት ያለሰልሳል (ቁጥሩ ሲበዛ የድንጋዩ ቅንጣት ይደቃል)። 15 ደቂቃ ያህል ውሃ ውስጥ ዘፍዝፉት። የምላጩ ጀርባና ስለት እኩል ድንጋዩ ላይ ይረፉ፣ ስለቱ ይቅደም፣ እጃችሁ አይክበድ። አያያዛችሁ ልክ ከሆነ ውሃው ከስለቱ ፊት ከዳር እስከ ዳር እኩል ይገፋል፤ አንድ ቦታ ከቀረ እዚያ አልተሳለም።

የድንጋዩ ጉድለት አለመጠንከሩ ነው፤ መሃሉ ቶሎ ይጎደጉዳል። ጠፍጣፋ መስታወት ላይ በተዘረጋ የብርጭቆ ወረቀት ደጋግማችሁ አስተካክሉት።

የቆዳ ቀበቶው ላይ ግን የምላጩ ጀርባ ይቅደም፤ 50 ምልልስ ይበቃል። ስትገለብጡም በጀርባው ይዙር። ቆዳው ከረገበ ስለቱን ያድቦለቡለዋል፣ እንደገናም ወደ 8000ው ትመለሳላችሁ።