በእንዝርት የተፈተለ የመንዝ በግ ጸጉር ክር ለልጆች ሹራብ፤ የሁለት ዓመት ግምገማ

ላለፉት ሁለት ዓመታት ከደብረ ብርሃን ገበያ በገዛሁት በእጅ የተፈተለ የበግ ጸጉር ክር ለሁለቱ ልጆቼ ሹራብ ስሠራ ስለቆየሁ፣ ክሩን ለመግዛት የሚያስቡ ወላጆች እኔ ከተሳሳትኩበት ቦታ እንዳይጀምሩ በማለት የታዘብኩትን ለመጻፍ ወስኛለሁ። ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ባለችው ከተማችን በጥቅምትና በኅዳር ማለዳ ሣሩ አመዳይ ለብሶ ያድራል፤ ልጆቹ ወደ ትምህርት ቤት የሚወጡትም በዚያው ሰዓት ነው። ስለዚህ ሹራብ በእኛ ቤት ከደብተርና ከእርሳስ ጋር አብሮ የሚታሰብ ነገር ነው።

በቅድሚያ ስለ ጸጉሩ። የመንዝ በግ ቁመቱ አጠር ያለ፣ ላታም፣ የደጋውን ብርድ የለመደ በግ ሲሆን፣ የለበሰው ጸጉር ሁለት ዓይነት ነው፤ ላይኛው ረጅምና ሸካራ፣ ሥረኛው ደግሞ አጭርና ለስላሳ። ባና የሚባለው ወፍራም የሱፍ ብርድ ልብስ፣ ዝተቱና በርኖሱ ሲሠሩ የኖሩት ከዚህ ጸጉር ነው። በ1957 ዓ.ም. የተከፈተው የሱፍ ፋብሪካ የደብረ ብርሃንን ስም ከብርድ ልብስ ጋር ቢያያይዘውም፣ የመንዝ ሴቶች እንዝርታቸውን አላስቀመጡም፤ ጸጉሩን አጥበው፣ ነድፈው፣ ፈትለው ለሸማኔ ማቅረባቸውን ቀጥለዋል። ገዢ ሊያውቀው የሚገባው ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው፤ በገበያ ላይ ተጠንጥኖ የሚገኘው ልቃቂት በአብዛኛው ለባና ታስቦ የተፈተለ ነው። ለባና የሚሆን ፈትል ደግሞ ሸማኔው ሲወጥረውና ሲመታው እንዳይበጠስ ከረር ተደርጎ ይፈተላል፤ ሸካራውም ጸጉር ከለስላሳው ሳይለይ አብሮ ይገባል።

እኔ ይህን ሳላጣራ በመጀመሪያው ዓመት ሁለት ጥቁር ልቃቂት ገዛሁ። ቤት ወስጄ ስመዝነው 400 ግራም የነበረው ክር፣ ታጥቦ ሲደርቅ ወደ 330 ግራም ወረደ፤ የጎደለው የጸጉሩ ቅባትና አፈር ነው። የመጀመሪያው ውኃ እንደ ሐምሌ ጎርፍ ደፈረሰ፤ ከክሩ ውስጥም ጭድና ጭጎጎት በጣቴ እየለቀምኩ አወጣሁ። ይህ ከእጅ ሥራ የሚጠበቅ ስለሆነ አላስከፋኝም። ያሳዘነኝ ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። ለአምስት ዓመቱ ልጄ የሠራሁት ሹራብ ከመርፌው ሲወርድ ወደ አንድ ጎን ዞረ፤ የጎኑ መስመር ከብብት ተነሥቶ እምብርት ላይ አረፈ። ልጁም ለብሶት ግማሽ ቀን ሳይቆይ አንገቱ ቀልቶ፣ ሽፍ ብሎ ተመለሰ። «እማዬ፣ ይወጋኛል» ሲለኝ ብዙ ሌሊት የደከምኩበትን ሥራ አውልቄ አጠፍኩት።

የመዞሩ ምክንያት በክሩ ውስጥ ያለ ነው። ለብቻው የከረረ አንድ ፈትል ሁልጊዜ ወደ ኋላ ሊፈታ ይታገላል። በባና ላይ ድሩና ማጉ እርስ በርስ ተያይዘው ያስቀሩታል፤ ሹራብ ግን አንዱ ዐይን፣ ማለትም የክሩ ቀለበት፣ በሌላው ዐይን ውስጥ ልል ሆኖ የሚገባበት ሥራ ስለሆነ የሚይዘው የለም፤ ክሩ ሲዞር ልብሱም አብሮ ይዞራል። መድኃኒቱ ሁለት ፈትል ወስዶ በተፈተሉበት ተቃራኒ አቅጣጫ አንድ ላይ መግመድ ነው፤ የአንዱን ክረት ሌላው ያረግበዋል።

ወደ ገበያው ተመልሼ ክሩን የሸጡልኝን እናት አገኘኋቸው። ሹራቡን ዘርግቼ ሳሳያቸው በቅድሚያ ልጁን ጠየቁ።

«ስንት ዓመቱ ነው?»

«አምስት ሞልቶታል፣ እትዬ።»

«ታዲያ ለልጅ ነው ብለሽ መች ነገርሽኝ? ይኼ የባና ፈትል ነው፣ ልጄ። ለልጅ የሚሆን የግልገል ጸጉር አለ፤ ደግሞ እንዲህ አይከርም።»

ቀጥለውም ከጉያቸው ገና ያልተፈተለ፣ ዳለቻ መልክ ያለው የተነደፈ ጸጉር አወጡና የእጄን አንጓ በውስጥ በኩል፣ ቆዳው ስስ በሆነበት ቦታ ላይ አሻሹበት። ከዚያ ያንኑ ቦታ በባናው ፈትል አሻሹት። ልዩነቱን ለማወቅ ሌላ ማስረጃ አላስፈለገኝም። ከዚያ ቀን ወዲህ ክር ስገዛ ይህን ፈተና ሳላደርግ ገንዘብ አላወጣም፤ ለማንም የምመክረውም ይህንኑ ነው።

የታዘዘው ክር በሦስት ሳምንት ደረሰ። ለመጀመሪያ ጊዜ ከተሸለተ ግልገል የተገኘ፣ ሸካራው በእጅ እየተለቀመ የወጣለት፣ ላላ ተደርጎ ተፈትሎ በሁለት የተገመደ ክር ነው። ወደ ብርሃን አቅርቤ ስመለከተው ውፍረቱ ፍጹም እኩል አይደለም፤ እዚህ ይሳሳል፣ እዚያ ይወፍራል። ነገር ግን ተገምዶ ስለመጣ የአንዱን መሳሳት የሌላው መወፈር ይሸፍነዋል፤ ተሠርቶ ሲያልቅም በፋብሪካ ክር ላይ የማይገኝ ሕይወት ያለው ገጽ ይሰጣል። በ5 ሚሊ ሜትር መርፌ የሠራሁት መሞከሪያ ቁራጭ በ10 ሳንቲ ሜትር 14 ዐይን ያዘ። የልጄ ደረት ዙሪያ 56 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ከውስጥ ሸሚዝ ስለሚለብስና ስለሚያድግ 8 ሳንቲ ሜትር ጨምሬ በ90 ዐይን ጀመርኩ። መሞከሪያ ቁራጩን ማንም እንዳይዘልለው እለምናለሁ፤ የእንዝርት ክር መጠኑ በላዩ ላይ ተጽፎ አይመጣምና። ቁራጩም ከመለካቱ በፊት መታጠብና መድረቅ አለበት።

ይህ ሁለተኛው ሹራብ አልዞረም፤ ልጁም ሁለት ክረምት ለብሶታል። ያም ሆኖ ሐቁን ለመናገር፣ የግልገሉም ጸጉር ቢሆን በባዶ ቆዳ ላይ የሚለበስ አይደለም። እኔ አንገትጌውን ዝቅ አድርጌ እሠራለሁ፤ ከሥርም የጥጥ ካናቴራ አለብሳለሁ። ለጨቅላ ሕፃን ከሆነ ይህን ክር አልመክርም።

በሱቅ ከሚሸጠው ከውጭ ከመጣ የሹራብ ክር ጋር ሲነጻጸር ዋጋው ከፍ ይላል፤ የቀለሙም ምርጫ ጠባብ ነው፤ ጥቁር፣ ቡናማ፣ ዳለቻና ነጭ ብቻ። የሱቁ ክር በሙቅ ውኃ ሲታጠብ አይኮማተርም፤ ልጅም አይወጋም። እኔን የእጅ ፈትሉን ያስመረጡኝ ግን ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው፣ ሱፍ የክብደቱን አንድ ሦስተኛ የሚያህል እርጥበት መጥጦ እንኳ ቶሎ የርጥበት ስሜት አይሰጥም፤ ጭጋጉ ከጣርማ በር በኩል በሚመጣበት ወቅት ይህ ትልቅ ነገር ነው። ሁለተኛው እሳት ነው። አብዛኛው የሱቅ ክር ከፕላስቲክ ዘር ስለሆነ ፍም ሲነካው ቀልጦ ቆዳ ላይ ይጣበቃል፤ ሱፍ ግን በቀላሉ አይያያዝም፤ ቢያያዝም እሳቱ ከራቀለት ከስሎ ይጠፋል። ማታ ማታ ልጆች ምድጃ ከበው በሚቀመጡበት ቤት የዋጋው ልዩነት ለእኔ በዚህ ተካክሷል።

አጠባቡን በተመለከተ የከፈልኩት ዋጋ አለ። ለዘጠኝ ዓመቷ ልጄ የሠራሁትን ነጭ ሹራብ፣ የቆሸሸ መስሎኝ፣ በሚያቃጥል ውኃ ነክሬ እንደ ነጠላ አሸሁት። የሱፍ ጸጉር እንደ ዓሣ ቅርፊት የተደራረበ ገጽ ስላለው በሙቀትና በማሸት እርስ በርስ ይቆላለፋል፤ ከተቆላለፈ ደግሞ አይፈታም። የእሷ ሹራብ ጠጥሮ ለታናሽ ወንድሟ እንኳ ጠበበ። ልጅቷ ምንም አላለችም፤ እኔ ግን ዛሬም ድረስ ይቆጨኛል። ለብ ባለ ውኃ፣ በጥቂት ሳሙና፣ ሳይታሽ እየተጫነ መታጠብ አለበት፤ ሳይጠመዘዝ በፎጣ ተጠቅልሎ ውኃው ይወጣል፤ ሳይሰቀል በጥላ ሥር ተዘርግቶ ይደርቃል።

ቅሬታዎቼ ሁለት ናቸው። የመጀመሪያው፣ አንዱ ግልገል ከሌላው መልኩ ስለሚለያይ፣ ክር ጎድሎ ሁለተኛ ጊዜ ሲታዘዝ የመጀመሪያውን መልክ ማግኘት አይቻልም፤ ለአምስትና ለስድስት ዓመት ልጅ ቢያንስ 350 ግራም የታጠበ ክር በአንድ ጊዜ ማዘዝ ያስፈልጋል። ያልታጠበ ከሆነ ደግሞ ለሚጎድለው ታስቦ ከፍ መደረግ አለበት። ሁለተኛው፣ ለካልሲ አይጸናም። በሁለት የተገመደው ክር ተረከዙ ላይ በሁለት ወር ተበላ። ፈታይዋ በሦስት ገምደው፣ ጥቂት ከረር አድርገው እንዲሞክሩልኝ ተስማምተናል፤ በዚህ ጊዜም የልጆቹን ዕድሜ ሳይጠይቁኝ በፊት ነገርኳቸው።