የፈረስ ኮቴ ሞረድ፦ ከ8 ወር በኋላ
ሰላም፣ ሰኔ ላይ ያገኘሁት ሞረድ 8 ወር ሞላውና የታዘብኩትን ልንገራችሁ ብዬ ነው። እኔ እንጅባራ ነኝ፣ ሁለት ፈረስ አለኝ፣ ዳማው ለጥር 23ቱ የፈረሰኞች በዓል የማወጣው ነው፣ ባዝራዋ ደግሞ ጭነት ትሰራለች።

አባቴ ኮቴ የሚያስተካክለው በማጭድ ነበር። እኔ መጀመሪያ ከመርካቶ የአናጢ ሞረድ አስመጣሁ፣ ያ ግማሽ ክብ የሆነው፣ ብሬን ነው የበላው። ጠባብ ስለሆነ የኮቴውን ግራና ቀኝ ጠርዝ ባንዴ አይነካም፣ አንዱን ስታወርድ ሌላው ከፍ ይላል፣ እሱን ስታወርድ ደግሞ ይሄኛው፣ ጨርሰህ ቀና ስትል ፈረሱ አዘንብሎ ቆሟል።

አሁን ያለኝ እህቴ ከሜሪላንድ ያመጣችልኝ ቤሎታ የሚባለው የስፔን የኮቴ ሞረድ ነው፣ 14 ኢንች፣ ሰፊና ዝርግ፣ አንድ ፊቱ ሻካራ ሌላው ደቃቅ። (ሻንጣዋ ሲፈተሽ "የፈረስ ጥፍር መሞረጃ ነው" ብላ ማስረዳት ነበረባት፣ እስካሁን ትስቅብኛለች።) እጀታ አልነበረውም፣ እዚሁ አናጢ በወይራ ሰራልኝ፣ ያለ እጀታ እንዳትሞክሩት ጭራው መዳፍ ይበሳል።

ስለቱ ሌላ ነገር ነው። በመጀመሪያው ቀን ደስ ብሎኝ የዳማውን የግራ ፊት እግር ከታች ብቻ ሳይሆን ከውጭም ከፊት ለፊት ሞረድኩት፣ ሲያምር! በማግስቱ ጠጠር ላይ እግሩን እየሳሳ ይረግጣል። የእንስሳት ሐኪሙ መጥቶ አይቶ "የኮቴውን ግድግዳ፣ የውጩን ጠንካራ ሽፋን አሳሳኸው እኮ፣ ከታች አስተካክል ጠርዙን ትንሽ አለስልስ፣ በቃ" አለኝ። ኮቴ በወር 1 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው የሚያድገው፣ ስለዚህ ያ ጥፋቴ ወርዶ እስኪያልቅ ወራት አየሁት። ሻካራው ፊት ለማውረድ ነው፣ ጠርዝ ላይ ደቃቁን ብቻ፣ ጓንትም አድርጉ የጣቶቼ መገጣጠሚያ ተልጧል።

በየ6 እና 7 ሳምንቱ ነው የምሰራው፣ እስካሁን 40 ኮቴ ገደማ ሆኗል። ክረምት ላይ ኮቴው ርሶ ለስላሳ ስለሚሆን ቅንጣቢው ጥርሱ ውስጥ እንደ ሊጥ ይሞላል፣ በሽቦ ብሩሽ እየጠረግኩ ነበር። በጋ ሲገባ ደግሞ ድንጋይ ሆነ፣ አሁን መጀመሪያ ውሃ የተኛበት ቦታ 20 ደቂቃ አቆማቸዋለሁ።

ሞረዱን የገደለው ግን ኮቴ አይደለም አፈር ነው። ልጄ ኮቴውን ሳያጥብ ጀመረው፣ ያውም እንደ መጋዝ ወደፊት ወደኋላ እያለ፣ ጥርሱ የሚቆርጠው ሲገፋ ብቻ ነው ሲመለስ ሞረዱ ከኮቴው ይነሳል አልኩት፣ ግን አሸዋው ሰርቶታል፣ የሻካራው ፊት መሃሉ ላይ ጣቴን ሳስኬደው ይንሸራተታል። አንዴ ደግሞ እርጥብ ጆንያ ጠቅልዬ ረስቼው ጫፉ ዛገ፣ እሱስ የኔ ጥፋት ነው። አሁን ደረቅ ጨርቅ ዘይት ነክቼ እጠቀልለዋለሁ፣ ከመዶሻና ከሚስማር ጋር አላስቀምጠውም።

ለእኛ ትንንሽ ፈረሶች 14 ኢንች በቂ ነው፣ ትልቁን አትመኙ ክንድ ነው የሚያደክመው። ለፋሲካ እህቴ ሁለተኛ ታመጣልኛለች፣ ይሄኛው ለመጀመሪያው ዙርና ለልጄ ይሆናል፣ አዲሱን እሱ አይነካትም።