«የማን ማሳ ነው የሚገቡት?» ከኮድ ረዳት ጋር 7 ወር

ደብረ ብርሃን ነው የምኖረው። እህል ነጋዴ ለሆኑት አጎቴ የገብስና የዱቤ መዝገብ ፕሮግራም እየሠራሁላቸው ነው። ስንት ኩንታል ገባ፣ ማን በዱቤ ወሰደ፣ መቼ ይከፍላል፤ በቃ ይኼው ነው። ጥቅምት ላይ ተርሚናል (ትእዛዝ የሚጻፍበት መስኮት) ውስጥ የሚሠራ የኮድ ረዳት፣ ማለትም ኮድ የሚጽፍልኝ ኤአይ፣ ጀመርኩ። በወር 20 ዶላር። የሚከፈለው ውጭ አገር ባለችው የአክስቴ ልጅ ካርድ ነው፣ እግዜር ይስጣት። የረዳቱን ስም አልጠራም፤ ችግሩ የእሱ ብቻ አይደለማ።

ኮድ መጻፉን ይችላል። እዚህ ላይ ብዙ አልልም። የሚያስቸግረው ነገ ነው። ሥራው ሳያልቅ ሴሽኑ፣ የአንድ ጊዜ ንግግራችሁ፣ ያልቃል፤ ጠዋት አዲስ ስትከፍት ማታ የተባባላችሁትን አያውቅም። የድሮውን ንግግር መልሶ መክፈት ይቻላል። ግን ንግግሩ ሲረዝም ኮንቴክስቱ (ረዳቱ በአንዴ ሊይዘው የሚችለው ጽሑፍ) ይሞላል፣ ሲሞላ ረዳቱ ራሱ ያሳጥረዋል፣ ሲያሳጥር ደግሞ የምትፈልጋትን አንዷን ነገር ይጥልልሃል።

ታኅሣሥ ላይ የገጠመኝን ልንገራችሁ። አጎቴ ዱቤ የሚጽፉት በእኛ ቀን ነው፣ ዳታቤዙ የሚይዘው በፈረንጅ። የ2016 መስከረምን የድሮ መዝገብ ሳስገባ ቀኑ ሁሉ በአንድ ተዛነፈ። ምክንያቱ ጳጉሜን ናት። በየ4 ዓመቱ 6 ቀን ትሆናለች፤ 2015 ላይም እንዲያ ነበረች። ስለዚህ የ2016 እንቁጣጣሽ የዋለው ሴፕቴምበር 12 ነው። ረዳቱ ግን 11ን ቋሚ አድርጎ ይዞታል። ተጨቃጨቅን፣ ተስማማን፣ ማስተካከል ጀመረ። ቴስቱን (ኮዱ በትክክል መሥራቱን የሚፈትሸውን) ሳንጽፍ መብራት ሄደ፣ ባትሪውም ተከተለው።

በነጋታው አዲሱ ሴሽን ግማሹን ኮድ አየና «ይህ ያለአግባብ ተወሳስቧል፣ ላቅልለው» ብሎ ወደ 11 መለሰው። እንደገና አስረዳሁት። በማግስቱም ያው። ሦስት ቀን ሙሉ ጋቢ ለብሼ ስለ ጳጉሜን ከማሽን ጋር ስከራከር ከረምኩ።

ለአጎቴ ነገርኳቸው። «ጋሼ፣ ይሄ ማሽን የትናንቱን አያስታውስም።» መንዝ በግ ሲጠብቁ ነው ያደጉት።

«እረኛ ሲቀያየር ምን ይባላል?» አሉኝ። «በጎቹ ግጠዋል ብሎ የሚሄድ ምን ይረባል? መጋጣቸውንማ ሆዳቸውን አይቼ አውቀዋለሁ። የምታነክሰው የቷ ናት? የማን ማሳ ነው የሚገቡት? እሱን ነው የሚነግሩህ።»

እውነታቸውን ነው። እኔ ረዳቱን ማታ ማታ «የሠራነውን ጻፍልኝ» እለው ነበር። ረጅም ዝርዝር ይጽፋል። የተሠራው እኮ ኮዱ ውስጥ አለ፣ የኮዱ ለውጥ በሚመዘገብበት ጊት ላይም አለ። ኮዱ ውስጥ የሌለው ሞክረን የተውነው ነው። ከዚያ ወዲህ የርክክብ ፋይሌ፣ አንዱ ሴሽን ለቀጣዩ የሚተወው ማስታወሻ፣ እንዲህ ይላል፦ «አዲስ ዓመትን ሁሌ ሴፕቴምበር 11 ነው ብለህ አታቅልል። የ2016ቱ 12 ነው። ሞክረነዋል፣ የዱቤ ቀን ያዛንፋል።» ክርክሩ እዚያው ቆመ።

እነዚህ ረዳቶች ሲከፈቱ ራሳቸው የሚያነቡት ፋይል አላቸው። ክሎድ ኮድ ክሎድ ዶት ኤምዲ የሚባለውን ያነባል፣ ሌሎች ብዙዎች ኤጀንትስ ዶት ኤምዲን። እዚያ ላይ አንድ መስመር ብቻ ጨመርኩ፦ መጀመሪያ ርክክቡን አንብብ። የሚጻፈውም ማታ መሆኑ ቀርቶ ከእያንዳንዱ ኮሚት (ለውጡ ጊት ላይ ከተመዘገበ) በኋላ ሆነ። መብራት ደህና እደሩ ብሎ አይሄድማ።

አንድ ጊዜ ደግሞ ርክክቡ ላይ «ቴስቶቹ ሁሉ አልፈዋል» ብሎ ጻፈ። ሳየው ሁለቱን ዘሏቸዋል። አሁን ያስኬደውን ትእዛዝና የወጣውን ውጤት እንዳለ እንዲለጥፍ አደርጋለሁ፤ ተረካቢው ሴሽንም ሥራ ከመጀመሩ በፊት ቴስቱን ራሱ ያስኬዳል። አጎቴም ኩንታል ሳይቆጥሩ አይረከቡም።

ቋንቋውስ? መጀመሪያ በአማርኛ ነበር የማጽፈው። ያምራል፣ ግን ቦታ ይበላል። ኮምፒውተር ፊደልን በሚያስቀምጥበት ዩቲኤፍ-8 በሚባለው ዘዴ አንድ የግዕዝ ፊደል ሦስት ባይት ነው፣ የእንግሊዝኛው አንድ። ረዳቱ ጽሑፍን ቆራርጦ በሚቆጥርበት በቶክንም አማርኛው ይከብዳል። አሁን ርክክቡ በእንግሊዝኛ ሆኖ የንግዱ ቃላት ብቻ በአማርኛ ቀርተዋል። እነሱን መንካት አይቻልም፤ አንዴ «ቀብድ»ን ብድር ብሎ ተርጉሞ ገበሬውን ሁሉ ባለዕዳ አድርጎት ነበር።

ያልተፈታው ፋይሉ እየወፈረ መሄዱ ነው። ረዳቱ መጨመር እንጂ መሰረዝ አይወድም። የካቲት ላይ 300 መስመር ደርሶ ነበር። አዲሱ ሴሽን እሱን አንብቦ፣ ከጠፋ በኋላ ወር ስለሞላው ኮድ ሲጠነቀቅ አገኘሁት። አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ በእጄ እቆርጠዋለሁ። አሰልቺ ሥራ ነው፣ ግን ለእሱ አልሰጠውም።

ለግንቦትም ከፍያለሁ። ቀን መቀየሪያው ይሠራል፣ ያለ ኢንተርኔት መመዝገቡ ገና ነው። አጎቴ ፕሮግራሙ ላይ ያስገቡትን ሁሉ አሁንም ማታ ወረቀት መዝገባቸው ላይ ይገለብጡታል። ተው አላልኳቸውም።